ስለ መጀመሪያው ትእዛዝ፤ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ከርነላቸውን ከፍላሽ ማኅደር የሚጭኑበት ዘዴ አመጣጥ

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መኪና እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ትእዛዙንም የሚያነበው ከማኅደረ ትውስታው ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ በሚለቀቅበት ቅጽበት የሥራ ማኅደሩ ባዶ ነው፤ ወይም ትርጉም በሌለው ነገር የተሞላ ነው። ትእዛዝን ወደዚያ ለማስገባት ደግሞ «አስገባ» የሚል ሌላ ትእዛዝ አስቀድሞ በውስጡ መገኘት ይኖርበታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከወዴት ይመጣል? ጥያቄው «ዶሮ ይቀድማል ወይስ ዕንቁላል» የሚለውን የልጆች ክርክር ይመስላል፤ ሆኖም መሐንዲሶች ከ1949 ጀምሮ በሽቦ፥ በጣት፥ በብርሃንና በመጨረሻም በፍላሽ ማኅደር መልስ ሲሰጡበት የኖሩ እውነተኛ ችግር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ስለ ማስሊያው ክፍል ፍጥነትና ስለ ከርነሉ ነው። ከርነል የሚባለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን፥ ማኅደሩንና መሣሪያዎቹን ለፕሮግራሞች ሁሉ የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም ነው። ከርነሉን ከተኛበት ቀስቅሶ ወደ ሥራው የሚያስገባው ጫኝ ፕሮግራም ግን ከአንድ አንቀጽ የበለጠ ቦታ ሲሰጠው አይታይም። ይህ በእኔ አስተያየት ትክክል አይደለም። ምክንያቱም ሁለት ከባድ ነገሮች የሚወሰኑት በጫኙ ነው፤ አንደኛው መኪናው ከተበላሸ በኋላ እንደ ገና ሊነሣ መቻሉ ሲሆን፥ ሁለተኛው በመኪናው ውስጥ ያለውን ከርነል ለመለወጥ ማን ሥልጣን እንዳለው ነው።

በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የፈጸመው ሜይ 6 ቀን 1949 ነው። የመነሻ ትእዛዞቹን ያዘጋጀው ዴቪድ ዊለር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ገና የ22 ዓመት የምርምር ተማሪ፥ ማለት በዕድሜ የእኛ እኩያ ነበረ። ትእዛዞቹ በቁጥር 31 ነበሩ። የተቀመጡትም የስልክ መሥሪያ ቤቶች መስመር ለማገናኘት ይጠቀሙባቸው በነበሩት ተሽከርካሪ ማብሪያዎች ላይ በሽቦ ተያይዘው ነው። ኦፕሬተሩ የማስነሻውን ቁልፍ በተጫነ ጊዜ ማብሪያዎቹ እየዞሩ 31ዱን ትእዛዞች ወደ ማኅደሩ ያስገባሉ፤ እነዚያም ትእዛዞች በበኩላቸው የተበሳውን የወረቀት ጥብጣብ እያነበቡ ሌላውን ፕሮግራም ያስገባሉ። በዚያው ዓመት ዊለር ትእዛዞቹን ወደ 41 አሳድጎ አሻሻላቸው። ዛሬ በየቤቱ ያለው ራውተር ሲነሣ የሚያደርገው ነገር በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከ1952 ወዲህ የአይ ቢ ኤም 701 ኮምፒዩተር «ጫን» የሚል ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ ከካርድ ወይም ከማግኔት ጥብጣብ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ያነባል፤ የቀረውን ያቺ ቃል ታስከትላለች። «ቡትስትራፕ» የሚለው ስምም የተለመደው በዚያው ዘመን ነው። ቡትስትራፕ በእንግሊዝኛ የቦት ጫማ ማጥለቂያ ጆሮ ማለት ሲሆን፥ ሰው የራሱን ጫማ ጆሮ ይዞ ራሱን ከመሬት ሊያነሣ እንደማይችል ሁሉ፥ ኮምፒዩተርም ራሱን በራሱ ማንሣቱ የማይቻል ነገር ይመስላል ለማለት በቀልድ የተሰጠ ስም ነው። በ1965 የወጣው ፒ ዲ ፒ 8 ደግሞ ይህን ሥራ ለሰው ጣት ተወው። ሠራተኛው በመኪናው ግንባር ላይ የተደረደሩትን 12 ማብሪያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ ጫኙን ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ይህን በየጊዜው የሚያደርጉ ሰዎች ትእዛዞቹን በቃላቸው እስከ ማጥናት ደርሰዋል።

ይሁን እንጂ ከእኛ ርእስ ጋር በቅርብ የሚዛመደው በትልልቆቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ የሆነው ሳይሆን በአፖሎ መንኰራኵር ውስጥ የተተከለው ኮምፒዩተር ነው። በጠፈር ውስጥ ማብሪያ እያወጣና እያወረደ ፕሮግራም የሚያስገባ ሠራተኛ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ 36,864 ቃላት የያዘው ቋሚ ማኅደር በማግኔት ቀለበቶችና በመዳብ ሽቦ የተሸመነ ነበር፤ ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፥ በውጭ ከዞረ 0 ማለት ነው። ሽመናው የተከናወነው በማሳቹሴትስ በዎልታም ከተማ በሬይቲዎን ፋብሪካ በሴቶች እጅ ነው። ሊጻፍበትና ሊጠፋ የሚችለው ማኅደር ግን 2,048 ቃላት ብቻ ነበር። በዚህ ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መጫን አያስፈልግም፤ ትእዛዞቹ ከተሸመኑበት ቦታ በቀጥታ ይነበባሉ። ነገር ግን ከፕሮግራሙ አንዲት ቃል ለመለወጥ ሽመናውን እንደ ገና መሥራት ግድ ነበር። ጽኑ የሆነ ነገር አይለወጥም፤ የሚለወጠው ደግሞ በቀላሉ ይጠፋል። የሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ሥራ እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገ ጥረት ነው ለማለት ይቻላል።

በ1971 የኢንቴል ኩባንያ ባልደረባ ዶቭ ፍሮማን ኢፕሮም የተባለውን ማኅደር አስተዋወቀ። የመጀመሪያው ቺፕ 2,048 ቢት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፥ በጀርባው ላይ ትንሽ የኳርትዝ መስኮት ነበረው፤ የተጻፈውን ለማጥፋት ቺፑን ከቦታው ነቅሎ በመስኮቱ በኩል አልትራቫዮሌት ብርሃን ማብራት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚጠፋ፥ አንዳንድ ባይት እየለየ የሚያርም ዓይነት ተገኘ፤ ግን ለእያንዳንዱ ቢት ሁለት ትራንዚስተር ስለሚፈልግ ዋጋው ውድ ነበር።

በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ የወሰደው እርምጃ በመጀመሪያ ሲታይ ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል። እያንዳንዱን ባይት ለይቶ የማጥፋትን ችሎታ ተወውና ብዙ ባይቶች በአንድ ላይ እንዲጠፉ አደረገ። በዚህ ምክንያት ለአንድ ቢት አንድ ትራንዚስተር በቃ፤ ዋጋውም ወረደ። ሐሳቡን በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ አቀረበ። ፍላሽ የሚለውን ስም ያወጣው የሥራ ጓደኛው ሾጂ አሪይዙሚ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ መጥፋቱ የፎቶግራፍ መብራት አስታውሶት ነው ይባላል። በ1987 ማሱኦካና ባልደረቦቹ ናንድ የተባለውን ሁለተኛውን ዓይነት አቀረቡ። የመጀመሪያውን ዓይነት፥ ማለት ኖርን፥ በ1988 ለገበያ ያወጣው ግን ኢንቴል ነው። የፈጠራ ሰው ዋጋ በኩባንያው ዘንድ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ ለሚፈልግ፥ ማሱኦካ በ2004 ቶሺባን ከስሶ አንድ ቢሊዮን የን መጠየቁንና ጉዳዩ በ2006 በ87 ሚሊዮን የን በስምምነት ማለቁን ማስታወስ ይበቃል።

ፍላሽ የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ውስጥ በኦክሳይድ ሽፋን ዙሪያውን የታጠረ አንድ ክፍል አለ፤ በኀይል ተገፍተው ወደዚያ የገቡ ኤሌክትሮኖች ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ለብዙ ዓመታት አይወጡም። ማጥፋት ማለት በአንድ ክልል ያሉትን ቢቶች ሁሉ ወደ 1 መመለስ ነው፤ መጻፍ ማለት ደግሞ ከመካከላቸው አንዳንዶቹን ወደ 0 ማውረድ ነው። አንዲትን 0 ብቻዋን ወደ 1 መመለስ አይቻልም፤ ክልሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ክልሉም በተደጋገመ መጻፍና መደምሰስ ይደክማል። ማሱኦካ ርካሽነትን የገዛው በዚህ ዋጋ ነው፤ ዕዳውን እስከ ዛሬ የሚከፍሉት ጫኞችና የፋይል ሥርዓቶች ናቸው። በ1999 አካባቢ አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ያዘጋጀው ጄኤፍኤፍኤስ፥ ቀጥሎም በ2001 የወጣው ሁለተኛው ጄኤፍኤፍኤስ፥ አንዱ ክልል ከሌላው ቀድሞ እንዳያልቅ ጽሕፈቱን በሁሉም ላይ ለማዳረስ የታሰቡ ናቸው።

ስለ ጭነት ለሚያጠና ሰው የኖርና የናንድ ልዩነት ትልቅ ነው። ኖር እንደ መጽሐፍ ነው፤ የፈለጉትን ቃል ከፈለጉት ገጽ ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ ማስሊያው ክፍል ትእዛዙን ከራሱ ከፍላሹ እያነበበ፥ ልክ እንደ አፖሎ ኮምፒዩተር፥ ሥራውን መጀመር ይችላል። ናንድ ግን ብዙ ስለሚይዝና ርካሽ ስለ ሆነ ተፈላጊ ቢሆንም፥ የሚነበበው ገጽ በገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ገጽ 2,048 ባይት ይሆናል። ከዚህም በቀር ከፋብሪካው ሲወጣ እንኳ የተበላሹ ክልሎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ የንባብ ስሕተት የሚያርም ሒሳብም ይፈልጋል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ የመጀመሪያው ክልል ደኅና መሆኑን ዋስትና የሚሰጡት፤ ጫኙ የሚቀመጠው እዚያ ነውና።

ግንድን በክብሪት የሚያያይዝ ሰው የለም። ክብሪቱ ጭራሮውን፥ ጭራሮው ፍልጡን፥ ፍልጡ ግንዱን ያያይዛል። ከናንድ የሚነሣ ኮምፒዩተርም የሚሄደው በዚህ ሥርዓት ነው። ለምሳሌ ያህል ሳምሰንግ የሠራው ኤስ 3 ሲ 2410 የተባለው ቺፕ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፥ የናንዱን የመጀመሪያ 4,096 ባይት ያለ ማንም ትእዛዝ በራሱ ሽቦ ገልብጦ በውስጡ ወዳለች ትንሽ ማኅደር ያስገባል። መሐንዲሶቹ ይህችን ማኅደር የመረማመጃ ድንጋይ ብለው ሰየሟት፤ ወንዝ ሲሻገሩ እንደሚረግጡት ድንጋይ ማለት ነው። በእነዚያ 4,096 ባይቶች ውስጥ ያለው ፕሮግራም ዋና ሥራው ትልቁን የሥራ ማኅደር፥ ማለት ራሙን፥ ለአገልግሎት ማብቃት ነው። ራሙ በየጊዜው ካልታደሰ ይረሳል፤ መጠኑንና የጊዜ ልኩን ደግሞ ማንም ካልነገረው መቆጣጠሪያው አያውቅም። ይህ ከተደረገ በኋላ ትንሹ ፕሮግራም ትልቁን ጫኝ ከፍላሽ ወደ ራም ገልብጦ ይዘልልለታል። ትልቁ ጫኝም ከርነሉን ፈልጎ ያመጣል።

ከትልልቆቹ ጫኞች በጣም የታወቀው ዩ ቡት ነው። መነሻው በ1999 ማግነስ ዳም ለፓወር ፒሲ ማስሊያዎች የጻፈው 8xx ሮም የተባለ ፕሮግራም ነበር። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ ሥራውን ተረክቦ ወደ ሶርስፎርጅ ባዛወረው ጊዜ፥ በዚያ ቦታ በአኃዝ የሚጀምር ስም ስለማይፈቀድ ስሙ ፒፒሲ ቡት ተባለ፤ ይህም በ2000 ለሕዝብ ወጣ። በኋላ ለአርም ማስሊያዎች የተለየ ቅርንጫፍ ወጣለት፤ ሁለቱ በ2002 እንደ ገና ተቀላቀሉና «ዳስ ዩ ቡት» ተባሉ፤ በጀርመንኛ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚል ትርጉም ስላለው ቀልድ ነው። በአንድ የፊደል ሕግ ምክንያት የተለወጠ ስም ለታሪክ ጸሓፊ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የጠቀስሁት እንዲህ ያለው መሣሪያ በትልቅ ኩባንያ ዕቅድ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንዳደገ ስለሚያሳይ ነው።

ዩ ቡት ከርነሉን በጭፍን አይቀበልም። በቀደመው ሥርዓቱ ከከርነሉ በፊት 64 ባይት የሆነ መግቢያ ይጻፋል፤ በእርሱም ውስጥ የከርነሉ መጠን፥ በራም ውስጥ የሚያርፍበት አድራሻ፥ የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚገኝበት ቦታና የማረጋገጫ ድምር ይገኛሉ። ጫኙ ድምሩን ራሱ አስልቶ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽራል። ካልተስማማ አያስነሣም። ከተስማማ ግን የታመቀውን ከርነል ይዘረጋዋል፥ የማኅደሩን መጠንና የፋይል ሥርዓቱን ቦታ የሚገልጽ መልእክት ያስረክበዋል፥ ከዚያም ይዘልልለታል። ከዚህ በኋላ ወደ ጫኙ መመለስ የለም፤ መኪናው ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ሥራው አልቋል።

አሁን ይህ ሥርዓት ሲሰናከል ምን እንደሚሆን እንመልከት። ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ጃኑዋሪ 4 ቀን 2004 በማርስ ላይ በጉሴቭ ጎድጓዳ ሥፍራ አረፈች። ኮምፒዩተሯ 128 ሚሊዮን ባይት ያህል ራምና 256 ሚሊዮን ባይት ያህል ፍላሽ ነበረው፤ ሥርዓተ ክወናዋ ቪኤክስ ወርክስ ይባላል። ጃኑዋሪ 21 ቀን የወትሮው መልእክት ተቋረጠ። በኋላ እንደ ታወቀው ተሽከርካሪዋ ተነሥታ፥ ተሰናክላ፥ እንደ ገና እየተነሣች ከ60 ጊዜ በላይ ተመላልሳለች። ሌሊት መተኛት ስላልቻለችም ባትሪዋ እየደከመ ነበር።

ምክንያቱ ሲመረመር የሚያስገርም ሆኖ ተገኘ። ከርነሉ ደኅና ነበር፤ የተቀመጠውም በፍላሹ ሳይሆን በሌላ ትንሽ ቋሚ ማኅደር ነው። ፍላሹም ቢሆን አልተሰበረም። ነገር ግን ከምድር ከተነሣች ጀምሮ የተከማቹት ፋይሎች በዝተው ነበር፤ ሥርዓቱ በሚነሣበት ጊዜ የፋይሎቹን ዝርዝር በሙሉ በራም ውስጥ ይዘረጋል፤ የተደመሰሱት ፋይሎች ቦታ እንኳ ከዝርዝሩ አይቀነስም ነበር። ዝርዝሩ ከተመደበለት ራም በለጠ፤ ሥርዓቱም ራሱን ዳግም አስነሣ፤ ሲነሣም ያንኑ ዝርዝር እንደ ገና መዘርጋት ጀመረ። ያዳናት አንድ ነገር ነው፤ ፍላሹን ሳትነካ በራም ብቻ እንድትነሣ የሚያደርግ የአነሣሥ መንገድ ንድፍ አውጪዎቹ አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ትእዛዝ ከምድር ልከው አስነሧት፥ ትርፍ ፋይሎቹን ደመሰሱ፥ በፌብሩዋሪ መጀመሪያም ፍላሹን ጠርገው እንደ አዲስ አዘጋጁት። ለ90 የማርስ ቀናት የታሰበችው ስፒሪት እስከ ማርች 2010 ድረስ መልእክት ልካለች። እኔ ከዚህ የምረዳው፥ ጫኙ ከርነሉን ማስነሣቱ ብቻ እንደማይበቃ፥ ከርነሉ በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚነካው ነገር ሁሉ የጭነቱ ክፍል ሆኖ መታየት እንዳለበት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ድምርን በማስላት የሚደረገው ማረጋገጫ የሚለየው የተበላሸውን ከደኅናው ነው፤ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው አይለይም። በኋላ ግን አምራቾች በቺፑ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቃጠሉ ፊውዞች አድርገው የራሳቸውን የማኅተም ቁልፍ ምልክት ይጽፉባቸው ጀመር። የመጀመሪያው ፕሮግራም የሁለተኛውን ማኅተም፥ ሁለተኛው የሦስተኛውን እየመረመረ እስከ ከርነሉ ይደርሳል፤ ማኅተም የሌለው አይነሣም። ቲቮ የተባለው የቴሌቪዥን መቅጃ ሊኑክስን እየተጠቀመ በተመሳሳይ መንገድ ባለቤቱ የለወጠውን ከርነል አላስነሣም በማለቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በ2007 የወጣው ሦስተኛው የጂፒኤል ፈቃድ ይህን ለመከልከል አንቀጽ አስገባ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን አልተቀበለውም፤ ሊኑክስም በሁለተኛው ፈቃድ ቀረ። በሁለቱም ወገን ቁም ነገር አለ። የሰው ሕይወት በሚጠብቅ የሕክምና መሣሪያ ውስጥ ማንም ያሻውን ከርነል ይጫን የሚል ሰው አይገኝም። የቤት ዕቃን በተመለከተ ግን፥ በገንዘቡ የገዛውን ሣጥን ሰው ሊከፍተው አይገባም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ በ2002 መጨረሻ ለገበያ የወጣው የሊንክሲስ ራውተር፥ ደብሊው አር ቲ 54 ጂ ነው። ፍላሹ 4 ሚሊዮን፥ ራሙ 16 ሚሊዮን ባይት ያህል ነበር። በፍላሹ መጀመሪያ ሲኤፍኢ የተባለው የብሮድኮም ጫኝ፥ ከእርሱ ቀጥሎ የሊኑክስ ከርነል፥ በመጨረሻው ጥግ ደግሞ ቅንብሮቹ ተቀምጠዋል። በ2003 ባለሙያዎች በውስጡ ያለው ሊኑክስ መሆኑን ደርሰውበት የፕሮግራሙ ጽሑፍ በፈቃዱ መሠረት እንዲወጣ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት ሊንክሲስን የገዛው ሲስኮ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ወጣ። በ2004 መጀመሪያ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው የራውተር ሥርዓት ከዚህ ተወለደ። ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ግን ክርክሩ ቀጥሎ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በዲሴምበር 2008 ሲስኮን ከሰሰ፤ በሜይ 2009 ታረቁ።

ሰዎች ይህን ራውተር በድፍረት እንዲሞክሩ ያደረጋቸው በጫኙ ውስጥ የነበረች አንዲት ቅንብር ናት። ቡት ዌይት ትባላለች። ስትከፈት ሲኤፍኢ ከርነሉን ከማስነሣቱ በፊት ጥቂት ሴኮንድ ይቆምና ከኔትወርኩ በኩል አዲስ ከርነል የሚልክ ሰው እንዳለ ያዳምጣል። ስለዚህ የተሳሳተ ከርነል የጫነ ሰው ዕቃው ጡብ ሆነብኝ ብሎ አይጥለውም፤ አጥፍቶ ያበራዋል፥ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥም ደኅናውን ይልክለታል። በ2005 ሊንክሲስ አምስተኛውን እትም በ2 ሚሊዮን ባይት ፍላሽና በ8 ሚሊዮን ባይት ራም አወጣ፤ ሊኑክስንም ትቶ ያንኑ የስፒሪትን ቪኤክስ ወርክስ አስገባበት። ደንበኞች ቅር ስላላቸው በዚያው ዓመት በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤል» የሚል ፊደል የተጨመረበትን፥ የቀድሞውን 4 ሚሊዮን ባይት ፍላሽና ሊኑክስን የያዘውን ዓይነት ለብቻው አዘጋጀ፤ ይህም ዕቃ ከእርሱ የፈጠኑ ብዙ ራውተሮች ከወጡ በኋላ እንኳ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲሸጥ ቆይቷል።